አባት ሙስሊም፣ እናት ኦርቶዶክስ፦ ድስቱን፣ ጾሙንና ውርሱን እንዴት ታስኬዱታላችሁ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባልና ሚስት ነን፤ አባት ሙስሊም፣ እናት ኦርቶዶክስ። የሁለቱም ወገን ዘመድ ደቡብ ወሎ ነው፤ ኑሮው አዲስ አበባ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የ9 እና የ6 ዓመት፣ ሦስተኛው ገና አራስ። በእስልምና እንዲያድጉ ከኒካሁ በፊት ተስማምተናል፤ በእሱ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ ዝርዝሩ ላይ ነው።

ለፋሲካና ለገና አያት ቤት ሲኬድ ልጆቹ ምን ይብሉ? ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጣጠሙ ቤቱ ምን ይቀቅል? አያትየው (የእናት እናት) አራሱን 40 ቀኑ ሳይሞላ ክርስትና ላስነሣው ይላሉ፤ ለትልቁም ማተብ አስረውለታል። ትልቁ ደግሞ ከመድረሳ መጥቶ «እማዬ ጀነት አትገባም?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ፣ አንዳችን ብንሞት ሕጉ ምን ይላል? «ተቻቻሉ» የሚል ምክር ሞልቶናል፤ የሚሠራውን ንገሩን።

እትዬ ቁሌት

የምግቡን ነገር እኔ ልያዘው።

የማይገናኘው የታረደ ሥጋ ብቻ ነው፤ ከነመረቁ፣ ከነቅልጥሙ፣ ከነቋንጣው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ዓሣ የጋራ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቋንጣ ፍርፍር፤ ለቁርስ ስለሚቀርብ ብዙ ሰው ሥጋ አይመስለውም። ሁለተኛው ቦዘና ሽሮ። ለልጅ «ሽሮ ብላ» ብሎ መንገር አይበቃም፤ «ሽሮው ሥጋ አለው?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው ማስተማር። የ6 ዓመት ልጅ ይችለዋል።

የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ተፈቅዷል የሚል ሰው እዚህ መምጣቱ አይቀርም። አንቀጹ አለ፣ ሱረቱል ማኢዳ 5። ግን አገራችን ላይ ልማዱ በሁለቱም በኩል ሥር የሰደደ ነው፤ እናንተ የእነሱን ብትበሉ እንኳ እነሱ የእናንተን አይበሉም። በክርክር ከሚፈታ በሁለት ድስት ቢፈታ ይቀላል።

ለፋሲካ ስትሄዱ አንድ ዶሮ ከነነፍሱ ይዛችሁ ሂዱና አባትየው እዚያው ይረድ። ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ብሎ፣ የአየር ቧንቧውን፣ የምግብ ቧንቧውንና ሁለቱን የአንገት ደም ሥሮች እጁን ሳያነሣ በአንድ ጊዜ ይቁረጥ፤ ቢላው የተሳለ ይሁን። ከደሴም ከአዲስ አበባም ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የአያትን ዶሮ የሚያርደው ሰው ወደ ምሥራቅ ዞሮ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። የሁለቱ ቢላና መክተፊያ ለየብቻ።

ቁሌቱን ግን ሁለት ጊዜ አትልፉበት። ለሁለት ዶሮ 4 ኪሎ ያህል ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ያህል በርበሬ በአንድ ትልቅ ድስት አቁላሉ፤ ቅቤና ቅመሙ ገብቶ በደንብ ከበሰለ በኋላ፣ ሥጋ ሳይነካው፣ ለሁለት ድስት ክፈሉት። ዶሮው የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱ ድስት ሸክላ፣ አንዱ ብረት ይሁን፤ ሁለቱም ብረት ከሆኑ የአንዱ እጀታ ላይ ጨርቅ እሰሩ። ነገር የሚበላሸው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፦ እንግዳ ሲበዛ የምትቀምሰው ሴትዮ በአንድ ማማሰያ ሁለቱንም ድስት ታማስልና ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይፈርሳል። ማማሰያውንም ጭልፋውንም ሁለት አድርጉ፤ ለየድስቱም አንድ ሰው ብቻ ይመደብ።

ዕቃ በውኃና በሳሙና ከታጠበ በእስልምና በኩል ይበቃል። በአያት በኩል ግን ጸበል ካልተረጨ የማይሉ አሉና ድስታቸውን አትዋሱ፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ለዐረፋ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ከኡድሒያው (ከዐረፋው እርድ) ሥጋ ለክርስቲያን አማት መላክ ለእሳቸው ስጦታ አይሆንም፤ አይበሉትማ። ወይ በግ ከነነፍሱ፣ ወይ የበጉን ዋጋ ቀደም ብላችሁ ላኩላቸው፣ በራሳቸው ሰው ያሳርዱ።

መጠጥ፦ ለልጆቹ ብርዝ ወይም ቀሪቦ። ሁለቱም በጊዜ የሚጠጡ ናቸው። ዛሬ የተበጠበጠ ብርዝ ዛሬ ይጠጣ፤ ቀሪቦ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ይፈላል፣ ከዚያ ወዲያ ስሙ ቀሪቦ ሆነ አልሆነ ያሰክራል።

ባሕረ ሐሳብ

እኔ የቀኑን ልጨምር። የበዓላቱን ሰሌዳ ዓመቱ ሳይጀምር ብታወጡት ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። ከ2016 ጀምሮ ኢድ አልፈጥር በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው እየዋለ ያለው። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 11። በ2019 ጾሙ የካቲት 29 ይገባል፤ ኢዱም ጨረቃዋ እንደታየች በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ለኢድ የሚመጣ የክርስቲያን ዘመድ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ቅቤም ወተትም አይቀምስም። በዘይት የተሠራ ሙሉ የጾም ማዕድ ካልቀረበ እንግዳው ዳቦ ቆርሶ ይሄዳል፣ ከዚያ «አላስተናገዱንም» ይባላል።

ዐረፋ ላይ ይቀላል። በ2018 ግንቦት 19 ረቡዕ ነው የዋለው፤ ግን በዓለ ኀምሳ (ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን) ስላልወጣ ረቡዕም ቢሆን ጾም አልነበረበትም። በ2019ም በዚያው ሃምሳ ቀን ውስጥ ነው የሚውለው።

ሁለቱ ጾም ሲገጣጠም እንዲያውም ቤቱ ይቀልለዋል። አዲስ አበባ የካቲት አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12፡40 ነው፤ እናትየዋም የምትጾም ከሆነ አንድ ማዕድ ይበቃል። ቴምር፣ ሥጋ የሌለው የአጃ ወይም የገብስ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሽሮ፣ ጎመን። የምስር ሳምቡሳ የዚህ ዓይነት ቤት ባለውለታ ነው፤ ለኢፍጣርም ለጾምም ይሆናል። ዓሣ ላይ ግን እናትየዋን ጠይቁ፤ በዐቢይ ጾም የማይበሉ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁለቱንም ለማስደሰት ሲል ሁለቱንም ይጾማል፦ ቀን ለአባቱ ምግብ አይነካም፣ ማታ ለእናቱ ወተትና እንቁላል እምቢ ይላል። በሳምንት ውስጥ ይደክማል፣ ከትምህርት ቤት «ልጁ ይተኛል» የሚል ወሬ ይመጣል። ለ9 ዓመት ልጅ ረመዳን ግዴታ አይደለም፤ ግዴታ የሚሆነው ሲደርስ ነው። እስከ ዙህር (የቀትር ሰላት)፣ ማለትም እስከ 7 ሰዓት ገደማ፣ እየጾመ ይለማመድ። ሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው) ላይ ወተቱንና እንቁላሉን የምትሰጠው እናትየዋ ራሷ ትሁን። እሷ ከሰጠችው ይበላል።

ዱበርቲ

የአያትን ነገር ላንሣ። ጊዜው አጭር ስለሆነ ከአራሱ ልጀምር።

አያት «40 ቀን» የሚሉት ለወንድ ነው፤ ለሴት 80 ነው። አቂቃው (ለተወለደ ልጅ የሚታረደው) ከዚያ በፊት በ7ኛው ቀን ነው፦ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ፤ ስም ይወጣል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ በጸጉሩ ክብደት የብር ማዕድን ወይም ዋጋው ለድሃ ይሰጣል። 7ኛው ካለፈ በ14ኛው ወይም በ21ኛው ቀን ማድረግ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው አቂቃው የአባት ዘመድ ብቻ ድግስ ሲሆን ነው። አያት ምንም ድርሻ ካልነበራቸው የሚቀራቸው ክርስትናው ብቻ ነው፣ ስለዚህ እሱ ላይ ይጸናሉ። ገንፎውን እሳቸው ያገንፉ፣ ድፎውን እሳቸው ይጋግሩ፣ ልጁ የሚታቀፍበትን ጋቢ እሳቸው ይስጡ፣ ስም ሲወጣም ልጁን ታቅፈው ይቀመጡ። ክርስትና እንደማይነሣ የምትነግራቸው ደግሞ ልጃቸው ናት፤ አማችየው ሳይኖር፣ ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ። «እናስብበታለን» የሚባል መልስ አትስጡ፤ «እሺ» ተብሎ ነው የሚተረጎመው። እስከ 40ኛው ቀን አራሱ እናቱ በሌለችበት አያት ቤት አይደር። ይህን በይፋ መናገር አያስፈልግም፣ የሚጠባ ልጅ ነው።

ማተቡን አያት ፊት አትበጥሱት። ቤት ሲገባ ይፈታ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለእናትየዋ ይሰጥ። ለልጁ የሚነገረው አጭር ነው፦ «ይህ የአያትህ የእምነታቸው ምልክት ነው፣ እኛ አናስርም።» አያትም ደግመው እንዳያስሩ ይነገራቸው፤ ይህንንም ልጃቸው ናት የምትነግራቸው።

አሁን ወደ መድረሳው። ልጁ ያመጣው ጥያቄ ከኡስታዙ አፍ የወጣ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ነው የሚለው። ሆኖም አባትየው ሄዶ ኡስታዙን ያነጋግር። «የዚህ ልጅ እናት ክርስቲያን ናት፤ ስለ ወላጅ ሐቅ ስታስተምር ሱረቱ ሉቅማን 15ን አብራራለት» ይበለው። አንቀጹ ወላጆች በእምነት ባይስማሙ እንኳ በዚህ ዓለም በመልካም ተወዳጃቸው ይላል። ከዚያም የአስማ ቢንት አቢ በክር ታሪክ አለ፦ ሙስሊም ያልሆነች እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ነቢዩን ﷺ አስፈቀደች፣ ዝምድናሽን ቀጥዪ አሏት። ሰው ሁሉ የነጃሺን ታሪክ ነው የሚያወራው፤ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን እሱ የንጉሥና የስደተኛ ነው። ለልጅ የሚጠቅመው የእናትና የልጁ ነው።

ለጥያቄው ራሱ፦ «አትገባም» ማለትም «ትገባለች» ማለትም ልጁን እናቱ ላይ ዳኛ ማድረግ ነው። «የማንንም መጨረሻ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው፤ ያንተ ሥራ እናትህን ማክበርና ዱዓ ማድረግ ነው» በሉት። አባትና እናት ቃል በቃል አንድ መልስ ይስጡ። ልጅን ግራ የሚያጋባው አባቱ ዛሬ የከለከለውን እናቱ ነገ ስትፈቅድለት ነው፤ ሁለት እምነት ማየቱንማ የወሎ ልጅ ለምዶታል። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ አጼ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሣ ካሉ ወዲህ፣ አንዱ ተጠምቆ ሌላው በእስልምናው የጸናበት ዘር ስንት ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ።

አያት ቤት ሰላት ሲደርስ የቅዱሳን ሥዕል የሌለበት ክፍል ፈልጉ፤ የሰሜኑ ግድግዳ ባዶ ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ በረንዳም ይሆናል። መስገጃውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሥዕል አውርዱልን አይባልም፣ ቤቱ የእሳቸው ነው።

አቡ ሐምዛ

እትዬ ቁሌትም ዱበርቲም ጥሩ ብለዋል፣ ግን አንድ መስመር ተዘሏል። አያትን መጠየቅ፣ ዳቦ መቁረስ፣ ቡና መጠጣት ችግር የለበትም። መስቀል መሳለም፣ ጸበል መጠመቅ፣ ታቦት ሲወጣ አብሮ መስገድ ግን ሥርዓተ አምልኮ ነው። ጥምቀት ላይ ልጁ «አያቴን ልሸኛት» ብሎ ወጥቶ ሰው ሲሰግድ አብሮ ይሰግዳል፤ ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ታቦት ወደሚወጣበት መውሰዱ ይቅር፤ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሂዱ። «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ላይ ዑለሞች ይለያያሉ፤ የምታምኑትን አንድ ሸኽ ጠይቃችሁ በዚያው ጽኑ። በየዓመቱ ሌላ ሸኽ መጠየቅ ነው ቤት የሚያምሰው።

አንቀጽ ቆጣሪ

ሕጉን ላስቀምጥ። የራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ጠበቃ ጋ መሄዳችሁ ግን አይቀርም።

የሃይማኖት ልዩነት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) ጋብቻን አያግድም። አዋጁ አዲስ አበባን ይመለከታል፤ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። ኒካህ ብቻ አስራችሁ ከተቀመጣችሁ ጋብቻውን አስመዝግቡና የምስክር ወረቀቱን ያዙ። ሞት ሲመጣ «ሚስቱ አልነበረችም» የሚል ዘመድ የሚነሣው ወረቀት በሌለበት ቤት ነው። ልጆችን በእምነታቸው የማሳደግ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27(4) ለወላጆች ተሰጥቷል፤ ለአያቶች አይደለም።

ወደ ውርሱ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 188/1992 የተጠናከሩ ሲሆን፣ ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል፦ መጥሪያ ደርሶት ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል፣ ጉዳዩም በሌለበት ሊታይ ይችላል። ክርስቲያን ሚስት «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከከተተችው አለቀ። በቀጠሮው ቀን ቀርባ «አልስማማም» ብላ በጽሑፍ ታስመዝግብ፤ ፋይሉ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዴ ከተስማሙ በኋላ ግን መመለስ የለም።

ልዩነቱ በቁጥር ይታይ። የጋራ ንብረት ተከፍሎ ሚስት ግማሿን ወስዳ፣ የሟች ድርሻ 600,000 ብር ቀረ እንበል፤ ወራሾቹም አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆቹ ብቻ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች እኩል ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 200,000። ሚስት በዚህ ሕግ ወራሽ አይደለችም፤ የእሷ የወሰደችው ግማሽ ነው። በሸሪዓ ወንዱ 300,000፣ ሴቶቹ 150,000፣ 150,000 ያገኛሉ፤ ክርስቲያን ሚስት በእምነት ልዩነት ምክንያት አትወርስም። ነገር ግን ወራሽ ስላልሆነች ባልየው እስከ ሲሶ ሊናዘዝላት ይችላል። ሲሶውን ከተናዘዘ ለእሷ 200,000፣ ለወንዱ 200,000፣ ለሴቶቹ 100,000፣ 100,000 ይሆናል። በሸሪዓ መዳኘት የሚፈልግ ባል ለክርስቲያን ሚስቱ ከውርሱ ሊተውላት የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ያለ ኑዛዜ ደግሞ ከውርሱ ምንም የላትም።

የእናት ውርስም አለ። እሷ ስትሞት ሙስሊም ልጆቿ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሙሉ ወራሾቿ ናቸው፤ ሃይማኖታቸው አይጠየቅም።

የኑዛዜው ፎርም ላይ ተጠንቀቁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ይህም መደረጉ በጽሑፉ ላይ ተገልጾ፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። የሚጠቀመው ሰው ምስክር አይሁን። በራስ ጽሕፈት የሚደረገው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ ይጻፍ፤ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይባል፤ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በኮምፒውተር አስጽፎ ታች ፈርሞ ያስቀመጠ ሰው ከሁለቱም የለም፤ የሚፈርሰው ኑዛዜ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ቁሌቱን ለሁለት መክፈሉን ለዚህ ፋሲካ እንሞክረዋለን። አንድ የቀረ አለ፦ አያት አርጅተዋል። ቢያርፉ ልጆቹና አባታቸው ቀብሩ ላይ የት ድረስ ይሂዱ? ተዝካሩንስ?

ዱበርቲ

ቀብር ይሄዳሉ፣ አስከሬን ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይቀመጣሉ። የነቢዩ የአጎት ልጅ ዓሊይ፣ ሳይሰልሙ የሞቱትን የአባታቸውን የአቡ ጣሊብን ቀብር እንደፈጸሙ ተዘግቧል። ፍትሐት ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይቁሙ፤ ወሎ ውስጥ ለዚህ ማንም አይቀየምም፣ ሙስሊሙ በር ላይ እንደሚቆም ይታወቃል። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ግን ሰው ሲሰግድ ይሰግዳሉ፤ አቡ ሐምዛ ያለው ነው። አንድ የአባት ወንድም ወይም የአክስት ልጅ እጃቸውን ይዞ ውጭ ይቁም።

ለ40ው ለቅዳሴና ለፍትሐት የሚከፈለውን የእናት ወገን ይቻል። እናንተ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ድንኳኑን፣ የወንበር ኪራዩን ያዙ፤ ከሥጋ የጸዳውን ማዕድም እናንተ አብስሉ። ማን ምን እንደሚችል ከወዲሁ ከእናትየዋ ወንድሞች ጋር ተነጋገሩ።

እትዬ ቁሌት

እድሩንም እዩት። የአባትና የእናት እድር የተለያየ ከሆነ፣ ልጆቹ በየትኛው መዝገብ እንደተጻፉና የማንን ወላጅ ሞት እንደሚሸፍን ጸሐፊውን ጠይቁ። ብዙ እድር የሚስትን እናት የሚሸፍነው ስሟ በቅጹ ላይ ከሰፈረ ብቻ ነው። ድብልቅ እድር ከሆነ ለለቅሶ ቤት የሚቀርበው ምሳ የጾም ይሁን ብላችሁ በስብሰባ አስወስኑ። ንፍሮ፣ ሽሮና ምስር ከሆነ ማንም ድስት አይለይም።